የጥብስ ቅጠል በዕቃ ለመትከል፦ የትኛው አፈር፣ የትኛው ዕቃ?

ሰኔ ላይ ሦስት የጥብስ ቅጠል ችግኝ ገዝቼ በሦስት የቀለም ባልዲ ተከልኩ። መስከረም ሲጠባ ሦስቱም ቡናማ ሆነው ቅጠላቸው መርገፍ ጀመረ። ውሃ የጠማቸው መስሎኝ ጨመርኩላቸው። ከሳምንት በኋላ አንዱን ገልብጬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ለካ ሲሞቱ የነበረው በጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው።

አፈሩን ያመጣሁት ከግቢያችን ነበር። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ያንን አፈር ያውቀዋል። በክረምት ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር ዋልካ ነው። በዚያው ሰሞን የጎረቤት አጥር ይሠራ የነበረ ግንበኛ ባልዲዎቹን አየና፣ «እህቴ፣ እኛ እኮ በዚህ አፈር ላይ አንገነባም። ጠርገን አውጥተን ገረጋንቲ ነው የምንሞላበት» አለኝ። እውነቱን ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግድግዳ የሚሰነጥቅ አፈር ቀጭን ሥር ላይ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ ወዲህ አራት ክረምት አልፏል። በሸክላ፣ በጣሳ፣ በጀሪካን፣ በማዳበሪያ ከረጢትም ሞክሬያለሁ። አሁን አምስት የጥብስ ቅጠል አለኝ፤ ትልቁ ወገቤ ጋ ደርሷል። በአዲስ አበባ ዳር የምትኖሩና በረንዳ ወይም ጠባብ ግቢ ያላችሁ ሰዎች ከየትኛው መጀመር እንዳለባችሁ የማስበውን ልንገራችሁ።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልበል። ዕቃና አፈር ለየብቻ አይመረጡም። ውሃ ይዞ የሚቆይ ዕቃ ከመረጣችሁ፣ አፈሩ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ቶሎ የሚደርቅ ዕቃ ከመረጣችሁ ደግሞ፣ አፈሩ ትንሽ እርጥበት ቢይዝ ይሻላል። ሁለቱም ውሃ ከያዙ ተክሉ ክረምቱን አያልፍም። ሁለቱም ቶሎ ከደረቁ ደግሞ በመጋቢት ፀሐይ በየቀኑ ውሃ ስትሸከሙ ትኖራላችሁ።

እንደ በሶብላ ሳይሆን እንደ ጦስኝ

የጥብስ ቅጠል፣ ሮዝመሪ የምንለው፣ የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ተክል ነው። በአገሩ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ በስስ አፈር፣ ፀሐይ እየመታው ይበቅላል። ከበሶብላ፣ ከናና፣ ከዳማከሴና ከጦስኝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዘመድ ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ናናና በሶብላ እርጥብና ፍግ የጠገበ መደብ ይወዳሉ። ጦስኝ ግን በደጋው ዓለት መሃል ተለጥፎ ያድጋል። የጥብስ ቅጠል ጠባዩ የጦስኝ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለጎመንና ለሰላጣ የሚስማማውን አፈር ይሰጠውና፣ ለምን እንደጠወለገ ግራ ይገባዋል።

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ይህ በማንኛውም አፈርና ዕቃ አይካካስም። በረንዳችሁ ቀኑን ሙሉ ጥላ ከሆነ ናና ትከሉ።

አፈሩ

በእኛ አካባቢ አንድ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው አፈር ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ጥቁሩ ዋልካ ነው። ከአቃቂ ጀምሮ ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬንና በዚያ በኩል ያለውን ሜዳ የያዘው እሱ ነው። ለጤፍና ለሽምብራ መልካም አፈር ነው፤ አልነቅፈውም። ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ማሳ ላይ ውሃው የሚሄድበት ጥልቀት አለው፤ ባልዲ ውስጥ ግን መውጫ ያጣል። ሲደርቅ ደግሞ ከባልዲው ጠርዝ ይሸሽና ዙሪያውን ክፍተት ይተዋል። የምታጠጡት ውሃ በዚያ ክፍተት ሽው ብሎ ይወርዳል፣ መሃሉ እንደደረቀ ይቀራል። ስለዚህ ዋልካ በክረምት ያበሰብሳል፣ በበጋ ያስጠማል።

«አሸዋ ብቀላቅልበትስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ትንሽ አሸዋ ዋልካን አያስተካክለውም። ደቃቁ ጭቃ በአሸዋው መሃል ይገባና ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ዋልካውን የግድ መጠቀም ካለባችሁ ከ5 ጣሳ ድብልቅ ውስጥ አንድ ጣሳ ብቻ ይሁን። ሌላው ሸካራ ነገርና ኮምፖስት ይሁን።

ሁለተኛው ቀይ አፈር ነው። ቡራዩና ከእንጦጦ ሥር ያለው ተዳፋት ይህ አፈር አለው። የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ሸክላማ ቢሆንም ፍርክስክስ ይላል፣ ውሃም ይለቃል። እህቴ ቡራዩ ስለምትኖር እሷ ጋ በሄድኩ ቁጥር አንድ ከረጢት ይዤ እመለሳለሁ። ጉድለቱ አሲዳማ የመሆን ዝንባሌው ነው። የጥብስ ቅጠል ደግሞ ከትንሽ አሲዳማ እስከ ትንሽ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ)፣ ማለትም በአሲድነት መለኪያው በፒኤች ከ6 እስከ 7.5 አካባቢ ይወዳል። እኔ ለ20 ሊትር ድብልቅ አንድ እፍኝ የተነፋ የእንጨት አመድ እጨምራለሁ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። አመድ ሲበዛ ተክሉን ይጎዳል።

ሦስተኛው ችግኝ ሻጮች በከረጢት የሚሸጡት የጫካ አፈር ነው። ሲያዩት ያምራል። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሽታው ደስ የሚል ነው። ለአበባ እገዛዋለሁ፣ ለጥብስ ቅጠል ግን ብቻውን አልጠቀመውም። የበሰበሰ ቅጠል ስለሆነ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፣ ከዓመት በኋላም ሟሙቶ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የበዛበት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትግዙት፤ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደማያስበቅል ሁላችንም እናያለን። ዛፎቹም አፈራቸውን ይፈልጉታል።

አሁን ወደ ሸካራው ነገር እንምጣ። የጥብስ ቅጠልን በዕቃ የሚያኖረው እሱ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሬድ አሽ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከቢሾፍቱ አካባቢ የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚቆፈረው፣ መንገድ ላይ የሚደለደለው ቀይ ጠጠር ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ በውስጡ ትንሽ እርጥበት ይይዛል፣ በመሃሉ ግን ውሃና አየር ያሳልፋል። ከአሸዋም ይቀላል። ለሕንፃ በመኪና ነው የሚሸጠው፤ ነገር ግን ሰፈር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ካለ አንድ ከረጢት መለመን ይቻላል። እንዳለ ግን አትጠቀሙት። በወንፊት ንፉት። ከሽምብራ እስከ ምስር የሚያህለውን ያዙ። ብናኙን ጣሉ፣ ምክንያቱም ብናኙ ታች ወርዶ ቀዳዳ ይደፍናል። የተረፈውን በውሃ አለቅልቁት።

ፑሚስ፣ ብሎኬት የሚሠራበት ነጣ ያለው ቀላል ድንጋይ፣ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ከሬድ አሽም ይቀላል። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ለምትተክሉ ክብደቱ ጉዳይ ስለሆነ ፑሚስን አስቀድሙ። በአፈር የተሞላና የረጠበ 20 ሊትር ባልዲ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራት ባልዲ ደርድራችሁ ስትቆሙበት አስቡት።

አሸዋ ሌላው ከሌለ ይሁን። ሸካራውን ምረጡ፣ የልስን አሸዋ አይሆንም። ግንበኞች እንደሚያደርጉት በመዳፋችሁ እሹት። እጃችሁ ላይ ጭቃ ከተወ እጠቡት ወይም ተዉት።

እኔ የምቀላቅለው እንዲህ ነው። ቀይ አፈር 2 ጣሳ፣ የተነፋ ሬድ አሽ 2 ጣሳ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ 1 ጣሳ። ጣሳው ምንም ቢሆን አንድ ዓይነት ይሁን። ዋልካ ከሆነ 1 ዋልካ፣ 3 ሬድ አሽ፣ 1 ኮምፖስት። ኮምፖስቱን አታብዙ። ምግብ የበዛለት የጥብስ ቅጠል ለምለም ይሆናል፣ ሽታው ግን ይቀንሳል። ለሽታው አይደል የምንተክለው? ትኩስ ፍግ ደግሞ ሥር ያቃጥላል።

ድብልቁ መልካም መሆኑን ሳትተክሉ መፈተን ትችላላችሁ። እርጥብ እፍኝ ወስዳችሁ ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱ ድቡልቡል ሆኖ ቆይቶ፣ በጣት ሲነካ የሚፈረካከስ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ጭቃ ከተድበለበለና ሲጠቀለል እንደ ገመድ ከረዘመ፣ ሬድ አሽ ጨምሩ። ሁለተኛው ፈተና፦ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጣችሁ ከሥሩ ብሱትና ድብልቁን ሙሉት። አንዴ በደንብ አርጥቡት፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። ውሃው ላዩ ላይ ሳይጠራቀም ወዲያው መስረግ፣ ከሥርም መንጠባጠብ አለበት። ኩሬ ሠርቶ ከቆመ ገና ነው።

ከዕቃው ሥር ጠጠር መደርደርን በተመለከተ፣ እናቶቻችንም እኛም ስናደርገው ኖረናል። ውሃ እንዲወርድ ይረዳል ብለን ነው። ግን አይረዳም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ አፈሩ ጠግቦ እስኪፈስ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ስለዚህ ጠጠሩ የሚያደርገው እርጥቡን ቦታ ወደ ተክሉ ሥር ማቅረብ ነው። ሸካራውን ነገር ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ቀዳዳው ላይ ደግሞ አፈሩ እንዳይወጣ ቁራጭ የወባ አጎበር ይበቃል።

ዕቃው

ለአንድ ትልቅ የጥብስ ቅጠል ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይበቃዋል። ትንሽ ችግኝ ግን በአንዴ በ20 ሊትር አትትከሉ። ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቆያል። በ3 ወይም በ4 ሊትር ጀምሩና በዓመቱ አዛውሩ።

ሸክላ ለክረምቱ የሚወዳደረው የለም። ገላው ውሃ ስለሚተነፍስ አፈሩ ከጎንም ይደርቃል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች የሚሠሩት ዓይነት፣ ቀለም ያልተቀባ ከሆነ የበለጠ ይተነፍሳል። ስታዝዙ ከመተኮሱ በፊት ከሥሩ ቀዳዳ እንዲያወጡለት ንገሯቸው። የተሰነጠቀ እንስራ ቤት ካለም አትጣሉት፤ ስንጥቁ ራሱ ውሃ ማውጫ ነው። የሸክላ ችግሩ በጋ ላይ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ፀሐዩ ሲከር በሁለት በሦስት ቀን ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ጎረቤታችን ያሉ እናት ምስርና ሩዝ ያጠቡበትን ውሃ ያጠራቅሙለታል፣ ደህና ነው። ኦሞ የገባበትን የልብስ ውሃ ግን አትስጡት። ጨውና ሳሙና በዕቃ ውስጥ እየተጠራቀመ አፈሩን ያበላሻል።

የፕላስቲክ ባልዲና ጀሪካን ተቃራኒው ናቸው። ውሃ ከሥር ካልሆነ በሌላ አይወጣም። ሥራ ለሚበዛባችሁና ሳምንት ሙሉ ቤት ለማትገኙ ይመቻሉ፣ ግን አፈሩ ከላይ ካልኩትም በላይ ሸካራ ይሁን። ለእኔ ባልዲ 3 ሬድ አሽ ለ2 ቀይ አፈር ነው የምጠቀመው። ቀዳዳውን አትሰስቱ። ከባልዲው ሥር የጣት ውፍረት ያላቸው ስድስት ሰባት ቀዳዳዎች፣ ሌላ ሦስት ደግሞ ከጎን ታች በኩል ብሱ። የጋለ ሚስማር ይበቃል። ጀሪካኑ ምን እንደነበረበት እወቁ። የዘይት ወይም የውሃ ይሁን። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለሚበላ ነገር አይሆንም።

ጣሳ ለመጀመሪያ ዓመት ችግኝ ጥሩ ነው፣ ለዘለቄታው ግን አልመክረውም። ቀጭን ብረት ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይዝጋል። የመኪና ጎማም አልወደድኩትም።

የማዳበሪያ ከረጢት ያልጠበቅኩት ነው። አፉን ወደ ውጪ አጥፋችሁ እስከ ግማሽ ስትሞሉት እንደ ሸክላ ይተነፍሳል፣ ውሃም አይቋጥርም። ዋጋውም ምንም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ግን ክሩን ይበጣጥሰዋል። በሁለተኛው ዓመት ላነሳው ስል በእጄ ላይ ተቀደደ። ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ወይም ተከራይ ቤት ለሚኖር ሰው ከፕላስቲክ ባልዲ በፊት እሱን እመክራለሁ።

ሲሚንቶ፣ መንገድ ዳር የሚሸጠው፣ ከባድ ነው። ለበረንዳ አይሆንም። ነፋስ ለሚበዛበት ግቢ ግን ተክሉ ሲረዝም አይገለበጥም። አዲስ ሲሚንቶ አልካላይን ስለሚለቅ ከመትከላችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ እየሞላችሁ ድፉበት።

ሰፈራችሁ የት ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም አቃቂ ከሆናችሁ የግቢያችሁን አፈር እርሱት፣ ቀይ አፈር አስመጡ። ሬድ አሹ ለእናንተ ቅርብ ነው። ፀሐዩም ከሌላው ስለሚጠነክር፣ በጋ ላይ ማጠጣት ካልሰለቻችሁ ሸክላ፣ ከሰለቻችሁ ባልዲ ውሰዱ።

ቡራዩ ከሆናችሁ አፈሩ እግራችሁ ሥር ነው። ዝናቡ ስለማያሳርፋችሁ ግን ሸክላ ወይም ከረጢት ምረጡ።

ሱሉልታና ሰንዳፋ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። ያደገ የጥብስ ቅጠል ቀላል ውርጭ ይችላል። በዕቃ ያለ ግን ሥሩ ከመሬት በላይ ስለሆነ የበለጠ ይበርደዋል፤ የረጠበ ሥር ደግሞ ከደረቀው ይብሳል። ጣሳውን ተዉት። ወፍራም ሸክላ ወይም ሲሚንቶ ይዛችሁ፣ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ የሚመታው ግድግዳ ሥር አስጠጉት። ውሃውን ማታ ሳይሆን ጠዋት ስጡ።

የትም ሁኑ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ቦታ አዘጋጁ። እነዚህ ሁለት ወራት በአዲስ አበባ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያወርዳሉ። ዕቃውን ወደ ታዛ አስጠጉ፣ የጠዋት ብርሃን ግን አይቅርበት። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ እንዳይመታው። ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀምጡት እንጂ መሬት ላይ አታሳርፉት፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል። ሥሩ ያለውን ሳህን አንሱ። በእነዚህ ሁለት ወራት እኔ ጭራሽ አላጠጣም ማለት ይቻላል።

ቅጠሉ ከጠወለገ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል ወደ አፈሩ አስገቡ። ደርቆ ከሆነ አጠጡ። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ ታሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ውሃ መጨመር መግደል ነው። አውጡት፣ የጠቆረውን ሥር ቁረጡ፣ በደረቅ ድብልቅ እንደገና ትከሉት፣ ላዩንም ሲሶውን አሳጥሩለት። ከሦስቱ የመጀመሪያ ችግኞቼ አንዷን ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ አድናት ነበር።

ችግኝ ወይስ ቁራጭ

ዘሩን ተዉት። አበቃቀሉ ደካማ ነው፣ ዓመት ያስጠብቃል። ችግኝ ከገዛችሁ ፕላስቲኩን ከሥሩ ተመልከቱ። ሥሩ ነጭ ሆኖ ብቅ ያለውን ውሰዱ፣ ጥቁርና የሚሸተውን መልሱ። ሲተከልም ዋልካ ውስጥ ያደገ ችግኝ ከሆነ፣ ዙሪያውን ያለውን ጭቃ በቀስታ አራግፉለት።

ጎረቤት ያደገ ካለ ግን ቁራጭ ለምኑ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ አበባ ያልያዘ ለጋ ቀንበጥ ይሁን። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ላጡና በሬድ አሽና በአፈር እኩል ድብልቅ ሰክታችሁ ጥላ ሥር አኑሩት። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሥር ያወጣል። አምስት ሰክታችሁ ሦስቱ ከያዙ ጥሩ ነው። የእኔ ትልቁ የጥብስ ቅጠል እንዲሁ የመጣ ነው። ጎረቤታችን ያሉት እናት በጋዜጣ ጠቅልለው አራት ቀንበጥ ሰጡኝ፤ «ልጄ፣ ውሃ አታብዢበት» ብለውኝም ነበር።

ለጥብስ ስትቆርጡ ከጫፉ፣ አረንጓዴው ላይ ቁረጡ። ወደ ታች ወርዳችሁ ቅጠል የሌለው ደረቅ እንጨት ላይ ከቆረጣችሁ ያ ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ መልሶ አያቆጠቁጥም። በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። ለአንድ ድስት ሁለት ቀንበጥ ይበቃል፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሳይሆን ሥጋው ሊወጣ ሲል ጣል አድርጉት።